በሰው ካርድ

ኦስታፕ ማርቹክ ረቡዕ ጠዋት፣ ካምደን ባለው ቤቱ፣ መስኮት ሥር በሚያዘወትረው ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር። ልቡ ደካማ መሆኑን የሚያውቀው ሁሉ ያውቅ ስለነበር አምቡላንስ ይዘው የመጡት ባለሙያዎች መጀመሪያ ላይ ምንም አልጠረጠሩም። ነገሩን የቀየረው ትራሱ ነው። ሟቹ የተደገፈው ትራስ ሲገለበጥ በጀርባው በኩል ምራቅና ጥቂት ደም ታየበት። ሐኪሙም የሟቹን ዓይን ገልጦ ካየ በኋላ «ታፍኖ ነው የሞተው፤ ከስምንት እስከ ስምንት ተኩል ባለው ጊዜ» አለ። ሰዓቱ በለንደን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ሰዓቶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው።

ሳጅን ደግፌ ሲደርስ ኢንስፔክተር ቤንጃሚን ቀድሞት በሩ ላይ ቆሟል። ይህን ባየ ቁጥር ደግፌን አንድ ስሜት ይይዘዋል። ስሙን ለመጥራት አንፈር፤ ቅናት ነው። ደግፌ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ሁለቱን ዓመት በለንደን ፖሊስ ቤት ፈጅቷል። ለኢንስፔክተርነት ሦስት ጊዜ አመልክቶ ሦስት ጊዜ ቀርቷል። በሦስተኛው ጊዜ ማዕረጉን የወሰደው እዚሁ ለንደን የተወለደው፣ ሥራውን ከእሱ ከራሱ የተማረው የሠላሳ ሁለት ዓመቱ ቤንጃሚን ነው። ይባስ ብሎ ልጁ አማርኛ ሲያወራ «አንቱ» የሚባል ነገር አያውቅም።

«ጋሼ፣ መጣህ? ኬሱ ሲምፕል ነው» አለው ቤንጃሚን። «ይሄን ቦክስ አየኸው? ኬረሯ፣ ሽማግሌውን የምትንከባከበው ሴት፣ ስትገባና ስትወጣ ካርዷን እዚህ ታፕ ታደርጋለች። ዛሬ በ8፡05 ገባች፣ በ8፡35 ወጣች። 8፡52 ላይ ደግሞ ተመልሳ 'ሞቶ አገኘሁት' ብላ ደወለች። በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም።»

«ማን ናት?»

«ኤልፍነሽ ትባላለች። የእኛ አገር ሰው ናት። ኦኔስትሊ፣ ደስ አይልም።»

ደግፌ ከበሩ ጎን የተሰቀለችውን ትንሽ ሣጥን አየና ወደ ኩሽናው ገባ።

ኤልፍነሽ አንገቷን በወፍራም ሻርፕ ጠቅልላ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣለች። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ሆሎዌይ ውስጥ ከዘጠኝ ዓመት ልጇ ከዝማሬ ጋር ትኖራለች፤ በየሳምንቱም በአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች።

«ጌታ ያውቃል፣ እኔ አልነካኋቸውም» አለች በሹክሹክታ።

«ምን ያንሾካሹክሻል፣ እህቴ? የሚሰማን እኮ የለም።»

«ድምፄ ተዘግቶ ነው። ኮንፈረንስ ነበረን፤ ሦስት ቀን ሙሉ ዘምረን እሑድ ስንጨርስ ጥርቅም አለ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተከፈተልኝም።»

«ስንት ሰዓት ገባሽ?»

«በ8፡05።»

«ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«በ8፡35። ወተት ልገዛ።»

ደግፌ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቆመ። ሰው ሥራ የገባበትን ሰዓት ሲጠየቅ «ስምንት አካባቢ» ይላል እንጂ ከነደቂቃው አይዘረዝርም። ይህች ሴት የምትናገረው የሆነውን ሳይሆን ሣጥኑ ላይ ያነበበችውን ነው። ደግሞም ፍሪጁን ቢከፍት ሁለት ጠርሙስ ወተት ሞልቶ ተቀምጧል።

«በምን መጣሽ?»

«በ29 ቁጥር አውቶቡስ።»

«የከፈልሽበትን የባንክ ካርድ ቁጥር ልታሳዪኝ ትችያለሽ?»

ኤልፍነሽ ፊቷ ተለዋወጠ። ካርዷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እርስዎም ልጅ ካለዎት ያውቁታል» አለችው። «እኔ ከታሰርኩ ዝማሬን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል?»

ደግፌ ካርዱን አነሣ። የካርዱን ቁጥር ወደ አውቶቡስ ድርጅቱ ልኮ ወደ ሳሎን አለፈ።

የሟቹ ባለቤት ላሪሳ ከባሏ በሃያ ዓመት ታንሳለች። ጠዋት ቦዩ ዳር ብቻዋን እየተራመደች እንደነበር ተናገረች፤ ያያት ሰው ግን የለም። ዓይኗ አላለቀሰም፣ ነገር ግን አሁንም አሁንም ወደ ኩሽናው በር እየዞረ ይፈጥጣል።

«እሷን ጠይቋት» አለች። «ለእኔ በገዛ ቋንቋችን የሚያኮርፍ ሰው፣ ለእሷ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይስቅላት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኩሽና ሳቅ እሰማለሁ፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ትናንት ግን ተጣሉ። 'ከእንግዲህ አላደርግልሽም፤ በቃኝ!' ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ።»

«ምኑን ነው የማያደርግላት?»

«እኔ ምን አውቄ? ማን ይነግረኛል?»

ከላሪሳ ጀርባ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የኪየቭ ፓርላማ የድምፅ መስጫ ሰሌዳ ነው፤ በአረንጓዴ ስሞች መካከል አንዲት ብቻዋን የቀላች ስም አለች። ላሪሳ ደግፌ የሚያየውን አይታ ታሪኩን ብዙ ጊዜ እንደደገመ ሰው ነገረችው። ኦስታፕ የማዕድን ከተማ ልጅ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ቅየሳ እየሠራ አድጎ ለፓርላማ ተመረጠ። በመጀመሪያው ዘመኑ አንድ ጉድጓድ ተደርምሶ ሠራተኞች አለቁ፤ ፓርቲው ምርመራው እንዲዘጋ ወሰነ። የፓርቲው ሰዎች በሙሉ አረንጓዴውን ሲጫኑ ኦስታፕ ብቻ ቀዩን ተጫነ። ፓርቲው አባረረው፣ ሕዝቡ ግን ሦስት ጊዜ መልሶ መረጠው። ጦርነቱ ሲመጣ ለልብ ሕክምና ወደ ለንደን ይዛው መጣች። እዚህም የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍ ከረመ፤ ቅዳሜ በወዳጆቹ ፊት ሊያነብላቸው ቀጠሮ ይዞ ነበር።

ደግፌ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ረቂቅ አገላበጠ። የይዘት ማውጫው አሥራ ሁለት ምዕራፍ ይላል። ያሉት አሥራ አንድ ናቸው።

«አሥራ ሁለተኛውስ?»

«አልጻፈውም» አለች ላሪሳ፣ ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ ጠበቅ አድርጋ።

ሦስተኛው ሰው የሞቱን ወሬ ሰምቶ ከሰቨን ሲስተርስ ሰፈር የመጣው ዚኖቪ ኮቫል ነው፤ የሟቹ የእድሜ እኩያ፣ ጸጉሩ በደንብ የተበጠረ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው። በፓርላማ አራት ዓመት ከኦስታፕ በስተግራ ተቀምጧል። እዚህም ሰኞ ሰኞ ቼዝ ሊጫወት ይመጣል።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። 8፡20 ላይ በእጅ ስልኬ ወደዚህ ቤት ደውዬ አራት ደቂቃ አውርተናል። ቼክ ማድረግ ትችላላችሁ።»

ቤንጃሚን ራሱን ነቀነቀ፤ ቼክ ተደርጓል። 8፡20 ላይ ከዚኖቪ ስልክ ተደውሎ የቤቱ ስልክ ተነሥቷል።

«እንዴት ነበሩ?»

«ደህና። ሚስቴ ቸኮሌት ደበቀችብኝ ብሎ ሲያማርር ነበር» አለና ዚኖቪ አዝኖ ፈገግ አለ። «ሴትዮዋ ኩሽና ውስጥ እየዘመረች ስለነበር በደንብ አልተደማመጥንም። ታውቁ የለ፣ ሁልጊዜ ጮክ ብላ ነው የምትዘምረው።»

ደግፌ ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ጻፈ። ከዚያ ወደ ፎቶግራፉ ዞሮ «እዚያ ሰሌዳ ላይ የእርስዎ ስም የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀ።

ሰውየው በጣቱ አመለከተ። «ከእሱ ቀጥሎ ያለው። አረንጓዴው። ይህን እስከ ዛሬ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።»

«ጓደኛዎ ብቻውን ሲቀላ ምን ተሰማዎት?»

«በዚያ ዘመን ስለ ድምፅ ብዙ አይጠየቅም ነበር» አለ ዚኖቪ። «የቀረ ሰው ካርዱን ይተዋል፣ አጠገቡ ያለው ይጫንለታል። ሁለት እጅ ሁለት ቁልፍ። ፒያኖ መጫወት ነበር የምንለው።»

ቤንጃሚን ሰዓቱን አየ። ኤልፍነሽን ወደ ጣቢያ ወስዶ አምስት ሰዓት ላይ ክስ ሊመሠርትባት ወስኗል፤ ለአለቆቹም ደውሎ ነግሯቸዋል። ላሪሳና ዚኖቪ እንዳያዩዋት ኤልፍነሽን በጓሮ በር አወጧት። ስትወጣ ዞራ ደግፌን አየችው።

የአውቶቡስ ድርጅቱ መልስ የደረሰው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ደግፌ ሆሎዌይ መንገድ ላይ ካለች አንዲት ካፌ ተቀምጦ ስልኩን ከፈተ። የኤልፍነሽ ካርድ 29 ቁጥር አውቶቡስ ላይ የተነካው ሆሎዌይ ውስጥ፣ በ8፡21 ነው።

ነገሩ ወለል አለለት። 8፡05 ላይ ካምደን አልነበረችም። ዋናው ጥያቄ ተፈታ፤ የቀረውም ቢሆን በማስታወሻው ላይ በጻፋት በዚያች አንድ መስመር ተፈትቷል። ስልክ ማንሣትና ለቤንጃሚን መንገር ብቻ ነው የቀረው።

ደግፌ ስልኩን አላነሣም። ሁለተኛ ሻይ አዘዘ። ልጁ ለአለቆቹ ደውሎ «ያዝኳት» ብሏል። አምስት ሰዓት ላይ ይክሰሳት፤ ነገ ጠዋት ደግፌ ይህችን ወረቀት አለቆቹ ፊት ዘርግቶ ያስቀምጣት፤ ማን መርማሪ ማን ተማሪ እንደሆነ ያኔ ይታያል። ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሻዩ ይልቅ ይጣፍጥ ነበር።

ሦስት ተኩል ላይ ትምህርት ቤት ተለቀቀ። ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ ሕፃናት በመስኮቱ አጠገብ እየተንጫጩ አለፉ። ከእነሱ ኋላ አንዲት ጸጉሯን የተሠራች የዘጠኝ ዓመት የምትሆን ልጅ ከማታውቃት ከምትመስል ሴት ጋር እየሄደች ዞራ ዞራ ታያለች። ዝማሬ ትሁን ሌላ ደግፌ አያውቅም። ሻዩ ግን አልወርድለት አለ። እንዲያም ሆኖ ከወንበሩ ተነሥቶ ለቤንጃሚን የደወለው አራት ሰዓት ሲሆን ነው፤ ይህንንም እናስታውስለት።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም በሟቹ ሳሎን ውስጥ ነበሩ። ላሪሳ ሶፋው ላይ፣ ዚኖቪ በወንበር፣ ኤልፍነሽ በሩ አጠገብ ቆማ፣ ቤንጃሚን እጁን አጣጥፎ። ደግፌ ከፎቶግራፉ ሥር ቆመ።

«በመጀመሪያ ኤልፍነሽ» አለ፤ ንግግሩንም ወደ አማርኛ መለሰ። «ሥራሽ ይበልጥብሻል ወይስ ልጅሽ?»

ኤልፍነሽ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ስምንት ሰዓት ላይ አልነበርኩም» አለች በሹክሹክታ። «ዝማሬን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመጣ ሁሌ እዘገያለሁ። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ካወቀ ያባርረኛል። ስለዚህ ሁለተኛ ካርዴን ከሣጥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ትቼላቸው፣ እሳቸው በስምንት ሰዓት ታፕ ያደርጉልኝ ነበር። እየሳቁ 'እኛ ፓርላማ ዕድሜያችንን በዚህ ነው የፈጀነው' ይሉኝ ነበር። ትናንት ግን 'በቃኝ፣ ከእንግዲህ ለማንም አልጫንም' አሉኝ። ዛሬ በጊዜ ለመድረስ ልጄን ጎረቤት ዘንድ ተውኳት፤ ግን አውቶቡሱ ቀረብኝ። ስደርስ ሞተዋል። ሣጥኑ ግን ገብታለች ይላል። ለመጨረሻ ጊዜ አዝነውልኝ የነኩልኝ መስሎኝ... ያንን ማጋለጥ ከበደኝ።»

ደግፌ ለሌሎቹ በእንግሊዝኛ ተረጎመ። ከዚያ አንድ በአንድ ቀጠለ።

«8፡21 ላይ ይህች ሴት ሆሎዌይ አውቶቡስ ላይ ነበረች፤ ማስረጃው እጄ ላይ ነው። ካርዷ ግን እዚህ በ8፡35 'ወጣች' ብሎ ተነክቷል። ማን ነካው? ሐኪሙ እንዳለው ኦስታፕ ያኔ ሞቷል። ሬሳ ካርድ አይነካም። ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ቤት ውስጥ ነበር፤ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ እንዳለም ያውቅ ነበር።»

«እኔ ስለ ካርድ አላውቅም!» አለች ላሪሳ።

«አውቃለሁ። ቢያውቁ ኖሮ የሚቀኑባትን ሴት በአንድ የስልክ ጥሪ ለኤጀንሲው አሳልፈው በሰጧት ነበር። 'አላደርግልሽም' የሚለውንም ምን እንደሆነ በጠየቅሁዎ ጊዜ በነገሩኝ ነበር።» ላሪሳ አቀረቀረች። «የሚያውቀው ኦስታፕ ቀልዱን የሚነግረው ሰው ነው፤ ቀልዱ የሚገባው ሰው። አቶ ዚኖቪ፣ ስልክ ሲደውሉ ኤልፍነሽ ስትዘምር ሰማሁ ብለዋል።»

«አዎ።»

«ኤልፍነሽ፣ እስኪ አንድ ስንኝ ዘምሪልን።»

ኤልፍነሽ አፏን ከፈተች። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ከእሑድ ጀምራ እንዲህ ናት» አለች ላሪሳ ቀስ ብላ። «ሦስት ቀን ቤቱ ጸጥ ብሎ ከረመ።»

«ሰኞ እርስዎ ሲመጡ ኤልፍነሽ ሥራ ጨርሳ ሄዳ ስለነበር አልሰሙም» አለ ደግፌ ወደ ዚኖቪ ዞሮ። «ቤት ውስጥ ያልነበረችን ሴት፣ በሌላት ድምፅ ስትዘምር ሰማሁ ያሉን ለምንድን ነው? እዚህ መሆኗን የሚመሰክር ሣጥኑ ብቻ ነበር፤ ሣጥኑ ምን እንዳለ የሚያውቀው ደግሞ የነካው ሰው ነው። ልክ እንደ ጥንቱ፣ ለቀረ ሰው በ8፡05 'ገባች'፣ በ8፡35 'ወጣች' ብለው ተጫኑላት። ስልኩንም እዚሁ ኮሪደር ቆመው ነው የደወሉት፤ በአንድ እጅ የራስዎን፣ በሌላው የሟቹን ይዘው። የስልክ ኩባንያው ነገ የት እንደነበሩ ይነግረናል። ሰቨን ሲስተርስ አይልም።»

ዚኖቪ ሰሌዳውን እንጂ ደግፌን አላየም። በመጨረሻ ሲናገር ያ ለስላሳ ድምፁ ተሰባብሮ ነበር።

«ቀዩን የተጫንኩት እኔ ነኝ! እሱ ትኩሳት ይዞት ቢሮው ውስጥ ተኝቷል። በራሴ ካርድ ፈርቼ አረንጓዴውን ተጫንኩ። በእሱ ካርድ ግን... በሰው ካርድ አንዴ ጀግና ልሁን አልኩ። ከዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ ለእኔ ጣት እሱ ሲጨበጨብለት ቆሜ አየሁ። አደባባይ፣ አበባ፣ ፎቶግራፍ! ሰኞ ዕለት አሥራ አንደኛውን ምዕራፍ አነበበልኝ፤ 'ሰሌዳው ላይ ስሜ ብቻውን ቀላ' ይላል። ዛሬ የመጣሁት ቅዳሜ እንዳያነበው ልለምነው ነው። ሳቀብኝ። 'ቅዳሜን ጠብቅ' አለኝ። ሳቀብኝ!»

«ወይዘሮ ላሪሳ» አለ ደግፌ፣ «አሁን ቦርሳዎን ይክፈቱት።»

ላሪሳ የታጠፉ ወረቀቶች አወጣች። «የእሷን ስም አይቼ ነው ማክሰኞ ማታ የወሰድኩት» አለች። «ከስሟ በታች ያለውን አላነበብኩም።» አሁን ግን በዝግታ እየተረጎመች አነበበች፦

«'ኤልፍነሽ ለምትባል ኢትዮጵያዊት ካርዷን እነካላት ነበር። አንድ ቀን ይህ ውሸት ሰላም ነሳኝ አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እኔን ሰላም የነሳኝ ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ቀዩን ቁልፍ የተጫንኩት እኔ አይደለሁም፤ ጓደኛዬ ዚኖቪ ኮቫል ነው። ቅዳሜ በሁሉ ፊት እጁን ይዤ አነሣለሁ።'»

ዚኖቪ ቀኝ እጁን ከግራው ጋር አቆላልፎ ጣቶቹን ቁልቁል ያያል።

«ሦስት ቀን» አለ። «ሦስት ቀን ብቻ ነበር የቀረኝ።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ላሪሳ ወረቀቱን እንደያዘች ኤልፍነሽ አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ ሻርፗንም አስተካከለችላት። ኤልፍነሽም ኤጀንሲውን ነገ ራሷ ሄዳ እንደምትነግር ለደግፌ ነግራው ልጇን ለማምጣት ሮጠች።

ጣቢያ ሲደርሱ ቤንጃሚን ሪፖርቱን ለመጻፍ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። ጥቂት ከጻፈ በኋላ ጣቱ ቆመ።

«ጋሼ፣ የአውቶቡሱ መልስ ስንት ሰዓት ደረሰህ?»

ደግፌ አራት ሰዓት ሊል ነበር። «ሦስት» አለ።

«ለእኔ የደወልከው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሴትዮዋ እስር ቤት ነበረች። አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ስታደርግ ነበር?»

«ሻይ ስጠጣ።»

«ለምን?»

«ስለቀናሁብህ» አለ ደግፌ። «እንድትዋረድልኝ ፈልጌ ነው።»

ቤንጃሚን ብዙ አየው። አልጮኸም፤ ደግፌ ቢጮህበት ይመርጥ ነበር። ከዚያ ከወንበሩ ተነሥቶ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ሽማግሌው ገፋለት።

«እርስዎ ይጻፉት» አለው። «ሰዓቱንም፣ ምክንያቱንም። እኔ ለሰው አልጫንም።»

ደግፌ ከልጁ አፍ «እርስዎ» ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ያን ቀን ነው። ተቀመጠና በአንድ ጣቱ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገ መጻፍ ጀመረ።